ስኖርክሉ ጣሪያ ላይ፣ ትንፋሹ መሬት ላይ

ጥያቄው ከሐረር ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ነው፤ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት) የለውም። በቅርቡ ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ) አስገጠምኩ። ገጣሚው የፋብሪካውን የአየር ፊልትሮ ቤት ከነማኒኮቶው (ከነጎማ ቱቦው) አውጥቶ በቦታው ቤት የሌለው ሾጣጣ ኮን ፊልትሮ አደረገበት። የስኖርክሉ ቱቦ ኮኑ አጠገብ መጥቶ ያበቃል። ከሞተሩ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው ይሄድ የነበረው ቀጭን ቱቦ ደግሞ መግቢያ ስላጣ ወደ ታች ለቀቀው፤ አሁን ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ጎን ተንጠልጥሏል። ከሥር ዘይትና አቧራ ተለጥፏል፤ መኪናው ውስጥም ይሸታል። ስጠይቀው ‹የድሮ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው፣ ምንም አይል› አለኝ። እውነቱን ነው? ካች ካን (ከትንፋሹ ዘይቱን ለይቶ የሚይዝ ዕቃ) ላስገባ? ጓደኛዬም በቤንዚን ቪታራው ላይ ይህንኑ ሊያሠራ ነው።»

አቦ፣ መልሱን ላስቀድም። ተንጠልጥሎ አይቅር። ቱቦው ከፊልትሮው በኋላ ወዳለው ንጹሕ አየር ይመለስ። መሃል ላይ ካች ካን ብታስገባ ደግ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ሞተሩ ምን ያህል እንደሚተነፍስ እንለካለን። ጓደኛህን እስከዚያ ድረስ እጁን ያዘው። የእሱ ጉዳይ ከአንተ ይብሳል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ያ ቱቦ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ ሲግል ነው። የአንተ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል። ይህን ግፊት የሚይዘው ፒስተኑ ላይ ያለው ፋሻ ነው። ፋሻ ደግሞ ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት አይደለም፤ ጫፍና ጫፉ መካከል ክፍተት አለው። አዲስም ቢሆን ትንሽ ያሾልካል። የሾለከው ጋዝ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወደሚሽከረከርበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ጋራዥ ውስጥ «ይሄ ሞተር ይተነፍሳል» ስንል ይሄንን ነው። ያልተቃጠለ ነዳጅ አለበት፣ ጥላሸት አለበት፣ ውሃም አለበት። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራልና። ከዚያ ኮሎው ዘይቱን ሲገርፈው ከሚነሳው የዘይት ጉም ጋር ይቀላቀላል።

ይህ ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። ካላገኘ ራሱ ይፈልጋል። የኋላውን ፓራሊዮ (የዘይት መከልከያ ጎማ) ይገፋል፣ በኮፓው (በታችኛው የዘይት ማጠራቀሚያ) ጓርኒሲዮን በኩል ያንጠባጥባል፣ ሊቤሎ የምንለውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ከቦታው ያስወጣዋል። ስንት ሰው ፓራሊዮ ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀይሮ ዘይቱ አልቆም ብሎት መጥቷል። ፓራሊዮው ምንም አላጠፋም። የታፈነው ትንፋሹ ነው።

ቶዮታ ቱቦውን ከፊልትሮው በኋላ ያስገባውም በምክንያት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። ያ ኃይል ከሆዱ ጋዙን ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። ጋዙም ተመልሶ ይቃጠላል። መንገዱ በሙሉ ዝግ ስለሆነ ከውጭ አቧራም ውሃም አይገባም። ናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ኃይል ደካማ ነው፤ ለዚያ ሥራ ግን ይበቃል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊልትሮው በአቧራ ሲታፈን መሳቡ ይበረታል፣ ያኔ ከሆዱ ዘይት ጭምር ይጎትታል። አየር ማስገቢያው ውስጥ ዘይት አየሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰው መጀመሪያ ፊልትሮውን ይይ።

ገጣሚህ ስለ ድሮ መኪና ያለው ውሸት አይደለም። ድሮ ከሞተሩ ሆድ አንድ ቧንቧ ወርዶ ከመኪናው ሥር ይከፈት ነበር። መኪናው ሲሮጥ በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ይስበዋል። መኪናው ሲቆም ግን የሚስበው የለም። ደግሞም የጭሱ ነገር አሳስቧት ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አዲስ መኪኖች ትንፋሻቸውን ወደ ሞተሩ እንዲመልሱ አስገደደች። እነዚያ የድሮ ሞተሮች ከመጀመሪያው ለዚያ የታሰቡ ናቸው፤ የቧንቧው አቆራረጥ ሳይቀር ለነፋሱ ተሰልቶ ነው። ያንተ እንዲያ አልታሰበም። አንድ ቱቦ ነቅሎ መልቀቅና ያ አንድ አይደለም።

አሁን የተንጠለጠለው ቱቦ ምን እንደሚያመጣ ልንገርህ። ሽታውንና ቅባቱን አይተኸዋል። ቀጥሎ ጭቃ ይመጣል። የቱቦው ጫፍ በዘይት የራሰ ነው፤ አቧራ ይለጠፍበታል፤ እያደረ እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። የሚያስፈራኝ ግን ውሃው ነው። ከድሬዳዋ አጠገብ ካለችው ከሽንሌ ማዶ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ደንበኛዬ ነው። ከዝናብ በኋላ ውሃው ገና ግማሽ ጎማ እያለ ገባ። አሸዋው ያዘው። ስኖርክሉ ከጣሪያ በላይ ነው፤ ልቡ ሙሉ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ሰው ሊጠራ ወጣ። የጋለ ሞተር ሲቀዘቅዝ በሆዱ ያለው ጋዝ ይኮማተራል፤ ከዚያ መልሶ ይስባል። የትንፋሹ ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነበር። ተጎትቶ ሲወጣ አስነስቶት ቤቱ ገባ። በማግስቱ ኮፓውን ስንከፍት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ኮሎው የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች አልተረፉም። ስኖርክሉ አንድ ጠብታ አላስገባም እኮ!

መኪናህ ውሃ ውስጥ የሚገባው ከፍታ የሚለካው በስኖርክሉ አፍ ሳይሆን በዝቅተኛው ቀዳዳ ነው።

አሁን ያልጠየቅኸኝን ልመልስ። የስኖርክሉ ቱቦ ኮኑ አጠገብ መጥቶ የሚያበቃ ከሆነ ስኖርክል የለህም። ጌጥ ነው ያለህ። ሞተሩ የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ነው። እዚያ ያለው አየር በራዲያተሩ አልፎ የመጣ የጋለ አየር ነው። አየር በየ3 ዲግሪው ሙቀት 1 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ከውጭው 30 ዲግሪ የሚበልጥ አየር ስበህ ከሆነ ወደ 10 በመቶ አየርህን ሰጥተሃል። እኛ ደግሞ ድሮም አየር የተትረፈረፈልን ሰዎች አይደለንም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 13 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ይሄንን የሚክስበት መላ የለውም። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ጥቁር ጭስ ከጨመረብህ ከኮኑ ጠርጥር።

አቧራውስ? በእኛ አካባቢ ስኖርክል ከውሃ ይልቅ ለአቧራ ነው የሚጠቅመው። ከድሬ በሽንሌ ወይም በኤረር በኩል አሸዋማ መንገድ ላይ መኪና ተከትለህ ሂድና እየው። አቧራው ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ከፍታ ላይ ድፍን ነው፤ ጣሪያው ላይ ግን ይቀላል። የሃርድቶፑ ዋና ፊልትሮ ቤት ደግሞ አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን አቧራ ወደ ግድግዳው ይጥላል፤ ከዚያ ነው ወደ ወረቀቱ የሚሄደው። በዘይት የሚርሰው የጥጥ ኮን አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ደቃቁንም አቧራ እንዲሁ። አሸዋችን ደግሞ ከብረት ይጠነክራል። ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ፋሻውን ይበላል። ያኔ ትንፋሹ ይጨምራል። የተንጠለጠለው ቱቦ ላይ ያየኸው ዘይት ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ቢሆን አይግረምህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ቤት አስመልስ። ገጣሚው ካልሸጠው ጠይቀው፤ ንብረትህ ነው። ስኖርክሉን ከቤቱ ጋር አገናኝ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በፋሸታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ይጠበቅ። የድሮው ማኒኮቶ የትንፋሹ መግቢያ አብሮት አለ፤ ግማሹ ጥያቄህ እዚያው አለቀ።

ቤቱ ጠፍቶ ከሆነ ከፊልትሮው በኋላ ባለው የብረት ቧንቧ ላይ መግቢያ ይበየዳል። ቀዳዳው ከፋብሪካው ቱቦ ቀዳዳ እንዳይጠብ። ቧንቧው ተፈትቶ ይበየድ፤ መኪናው ላይ እንዳለ የሚበይድልህ ካለ አመስግነህ ተለየው። የብየዳ ፍርፋሪ ቀጥታ ሞተር ውስጥ ነው የሚገባው። ከብየዳው በኋላ ውስጡ ተሞርዶ በደንብ ይታጠብ። ከፊልትሮው በፊት፣ ስኖርክሉ ቱቦ ላይ መክተት የሚሉ አሉ። አትስማ። የዘይቱ ጉም ወረቀቱን አርሶ ይደፍነዋል። ቱቦውን በቡሎን መድፈን ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሊቤሎው ኮፈኑን ሲመታ ትሰማዋለህ። ክዳኑ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ፊልትሮስ? ለውድድር መኪና ትሁን። ለእኛ አቧራ ሙጫ ትሠራለች፤ በሳምንት ውስጥ ሞተርህ ጥብስ ይመስላል።

ካች ካኑን በተመለከተ፦ ሥራው ጉሙን ይዞ ጋዙን ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ዝግ ይሁን፤ ሁለት አፍ ይኑረው፤ አንዱ ከሞተሩ፣ ሌላው ወደ አየር ማስገቢያው። ባዶ ቆርቆሮ ጉም አይይዝም። ውስጡ ጉሙ ተጋጭቶ የሚንጠባጠብበት ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ድሬ ሠርተው የሚያመጡልኝ አሉ፤ ብየዳቸው ያምራል፣ ሲከፈት ግን ውስጡ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ተጠቅጥቋል። ያ ሽቦ እየተበጣጠሰ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የማይዝግ ሽቦ ሆኖ በተበሳሳ ላሜራ ካልተከደነ አላስገባውም። አቅም ካለህ ማጣሪያው የሚቀየረውን የፋብሪካ ዕቃ ግዛ። ቦታው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ራቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ጉም የሚንጠባጠበው ሲቀዘቅዝ ነው።

ቱቦው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የራዲያተር ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለውሃ የሚሸጠው ግልጽ ላስቲክ በሙቀት ይላላና ሲሳብ ተጣብቆ ይዘጋል። ዘይት የሚችል ጎማ ብለህ ጠይቅ። መሃል ላይ እንደ ሐብል አይርገብ፤ የረገበበት ቦታ ዘይትና ውሃ ይጠራቀምና ራሱ መድፈኛ ይሆናል። ከሞተሩ ወደ ካኑ ሽቅብ ይሂድ። ካኑ ከታች መክፈቻ ይኑረው። መጀመሪያ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ክፈትና ምን ያህል እንደያዘ በጠርሙስ ለካ። ያንን ቁጥር ጻፈው። የወጣውን ዘይት ግን መልሰህ እንዳትጨምረው፤ ውሃና ናፍጣ አለበት።

ወደ መለካቱ እንምጣ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈተህ ገልብጠህ አፉ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። ዘሎ ከወደቀ ፋሻው ላይ ጥያቄ አለ። እስትንፋሱ እኩል ከሆነ አጠቃላይ ድካም ነው፤ ፉ... ፉ... እያለ በልክ ከመታ ከስድስቱ አንዱ ሲሊንደር ነው። በልጅነቴ ያስተማረኝ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰው ይሄንን በሲጋራ ወረቀት ነበር የሚያደርገው። ወረቀቱ ሲርገበገብ እያየ ስንተኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግረን ነበር። እኔ እዚያ አልደረስኩም።

እኔ የምጠቀመው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ግልጽ ቀጭን ቱቦ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መሃሉን ወደ ታች ታጥፈዋለህ፣ ሁለቱ ክንዶች ሽቅብ ይቆማሉ። ግማሹን በሻይ ሙላው፤ ሻይ የምለው ቀለሙ እንዲታይ ነው። አንዱን ጫፍ ሊቤሎው የሚገባበት ቧንቧ ላይ አጥብቀህ ስካ። ሌላው ክፍት ይሁን። ክንዶቹ ረጅም ይሁኑ፤ ሞተሩ ቢስብ ሻይህን እንዳይጠጣው። ሞተሩን አስነሳ። በክፍቱ በኩል ሻይው ከፍ ካለ ሆዱ እየገፋ ነው፤ የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ማለት ነው። አንዴ ቱቦው አሁን እንዳለ ተንጠልጥሎ ለካ፤ አንዴ ወደ አየር ማስገቢያው ከመለስከው በኋላ፤ ሌላ ጊዜ ከነካች ካኑ። በሚኒሞም፣ ነዳጅ ሰጥተህም። በትክክል ከተገጠመ ሻይው እኩል ይቆማል፣ ወይም ትንሽ ወደ ሞተሩ ይሳባል። ካች ካኑ ገብቶ ግፊቱ ከጨመረ ካኑ ጠቧል፤ መልስለት።

አንድ አደጋ አለ፤ ችላ የሚባል። ዘይት ከልክ በላይ ከተሞላ ወይም መኪናው በጣም ካዘመመ ጉም ሳይሆን ዘይቱ ራሱ በትንፋሹ ቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው ሊሄድ ይችላል። ናፍጣ ሞተር ዘይትን እንደ ናፍጣ ያቃጥለዋል። ቁልፉን ብታጠፋ ናፍጣው ይቆማል፤ ዘይቱ ግን አይቆምም። ሞተሩ ራሱን እያበላ ይጮሃል። ያኔ ከፍተኛ ማርሽ ከትተህ፣ ፍሬን አጥብቀህ ረግጠህ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅና አፍነው። ወይም የአየር መግቢያውን በጣውላ ዝጋ፤ እጅህን ግን አታስጠጋ። ካች ካን ለዚህም ጊዜ ይሰጥሃል። ዋናው መድኃኒት ግን ሊቤሎው ላይ ካለው የላይኛው ምልክት አለማለፍ ነው። «ትንሽ ትርፍ ይኑረው» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ጓደኛህ። ቤንዚን ሞተር ሁለት ቱቦ አለው። አንዱ ፒሲቪ በሚባለው ቫልቭ በኩል ወደ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቧንቧ) ይሄዳል። ሌላው ከፊልትሮው በኋላ ካለው ቧንቧ ወደ ሞተሩ ክዳን። ሰው ይህን ሁለተኛውን ማስወጫ ይመስለዋል። በሚኒሞና በቀስታ ጉዞ ላይ ግን ማስገቢያ ነው! ማኒፎልዱ ሆዱን በፒሲቪው በኩል አጥብቆ ይስበዋል፤ ምትኩ ንጹሕ አየር በሁለተኛው ቱቦ ይገባል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጠው ብቻ ነው አቅጣጫው የሚገለበጠው። እንግዲህ ያንን ቱቦ ወደ መሬት ልቀቀው። የሽንሌ አቧራ ያለምንም ፊልትሮ ቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የናፍጣው ቱቦ ሞተሩ እየሠራ ቢያንስ ወደ ውጭ ነው የሚተነፍሰው። የእሱ ቀኑን ሙሉ አቧራ ይስባል። የአየር መጠን የሚለካ ሴንሰር ካለው ደግሞ ያልተለካ አየር ይገባና ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ የሞተር መብራት ይበራል። ሰው ሴንሰር ሲቀይር ይከርማል። ጓደኛህ ፊልትሮውን ሊቀይር ከሆነ ሁለቱም ቱቦዎች በነበሩበት ወገን ይመለሱ። ፒሲቪውንም በዚያው ያውጣውና ይነቅንቀው፤ ካላንኳኳ ታፍኗል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ይቀይረው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የአንተን ስኖርክል እንዲህ ፈትነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የስኖርክሉን አፍ በወፍራም የጎማ ምንጣፍ ክደን። ሞተሩ ወዲያው መታፈን አለበት። መሥራቱን ከቀጠለ ከሌላ ቦታ እየሳበ ነው፤ በዚያው ቦታ አቧራም ውሃም ይገባል። አታቆየው፤ ሲታፈን ከሆዱ ዘይት ይስባል።

ከሥር ደግሞ የዲፍሬንሻሎቹ መተንፈሻዎች አሉ። የጋለ ዲፍሬንሻል ድንገት ውሃ ሲነካው እንደዚያ ሞተር ይስባል። ቱቦ ቀጥለህ ወደ ኮፈኑ ሥር አውጣቸው። ከካች ካኑ ጋር ግን አታገናኛቸው። ይሄንን ሁሉ ብታደርግም የሚወርድ ጎርፍ ውስጥ አትግባ። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ያደረገውን ድሬ አልረሳችም። ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው እዚህ ይደርሳል። ሩጫ ውሃ መኪናን በጎኑ ነው የሚገፋው፤ ስኖርክል ያንን አያውቅም።

ጋራዥ እስክትሄድ ድረስ ያንን ቱቦ ከታች አንሣው። ከኮፈኑ ሥር ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከማርሚታው ራቅ አድርገህ በሽቦ እሰረው። ጫፉ ወደ ታች ይዙር። ከፈለግህ የተበሳሳ ጠርሙስ ከሥሩ አድርግለት። እንዳትደፍነው ብቻ።